መጠጥ ለማቆም የሚሆነኝን የድጋፍ ቡድን እንዴት ላግኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጠጥ ማቆም አስባችሁ «ስብሰባ ሂድ»፣ «ኤኤ ሞክሪ» ተብላችሁ ከሆነ ይህን አንብቡ። ጥያቄዎቹ በብዛት አሜሪካ ካሉ ሀበሾች የምሰማቸው ናቸው። እኔም የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ስለሆነ መልሴ በዚሁ በኩል ያደላል። አገር ቤትና ዓረብ አገር ላላችሁም ወደ ታች ወረድ ስትሉ አለላችሁ። ሐኪም አይደለሁም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብዙ ያዳመጥኩ፣ አንዳንዴም የተናገርኩ ሰው ነኝ።

ኤኤ የሚሉት ምንድን ነው?

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ባጭሩ ኤኤ፣ መጠጥ ያሸነፋቸው ሰዎች እየተሰበሰቡ እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ነው። ሐኪም የለበትም። አለቃም የለበትም።

የተጀመረው በ1935 አክረን፣ ኦሃዮ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደዚያ ሄደና ሥራው ከሸፈበት። ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቀረ። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወር ገደማው ነበር፤ የሆቴሉ ባር ደግሞ እዚያው ነው። የባሩ ድምፅ እየጠራው ስልክ አነሳና ለአብያተ ክርስቲያናት ደወለ። የፈለገው ሰባኪ አልነበረም፤ እንደሱ የሚጠጣ ሰው እንዲያገናኙት ነው። በሰው በሰው ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኙ። ያ ሐኪም ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሰበት ቀን፣ ጁን 10፣ እስከ ዛሬ የኤኤ ልደት ተብሎ ይከበራል።

እድር፣ እቁብና የጽዋ ማኅበር ያለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ ጽዋው አለመኖሩ ነው። መዝገብ የለም፣ የወር መዋጮ የለም፣ ለቀረ ሰው ቅጣት የለም። ደግሞ ቡድኑ መጠጥ ከማቆም ውጭ ባለ በምንም ጉዳይ አቋም አይዝም። ፖለቲካ አይነሳም። የዲያስፖራ ማኅበር ለሁለት ሲሰነጠቅ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ይገባዋል።

እኔ ግን ያን ያህል ሱሰኛ ነኝ እንዴ? ሁዳዴን ሙሉ አልቀምስም እኮ።

ይህን ያላለ ሀበሻ ጠጪ አላጋጠመኝም። እኔም ብዬዋለሁ። 55 ቀን ጾሜ፣ በፋሲካ ማግስት ከየት እንደገባሁ ሳላውቅ ነው የነቃሁት። ችግሩ ማቆም አለመቻል ብቻ አይደለም። ከጀመሩ በኋላ የት እንደሚቆም አለማወቅም አለ። ቀን ቆጥሮ ፋሲካን የሚጠብቅ ሰው፣ የሚጠብቀው ዶሮውን ነው ወይስ ሌላ ነገር? ራሳችሁን ጠይቁ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ድምሩ 8 እና ከዚያ በላይ ከመጣ አጠጣጡ ጉዳት ላይ እየጣላችሁ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም አነጋግሩ።

ለኤኤ ግን ምንም ፈተና ማለፍ አያስፈልግም። ለአባልነት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት።

ዛሬውኑ አቁሜ ነገ ስብሰባ ብሄድስ?

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ፣ ጠዋት እጃችሁ ካልቀመሳችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ ቀጥ ማድረግ ሊገድል ይችላል። ይህን ለማስፈራራት ብዬ አይደለም። አልኮል በድንገት ሲቋረጥ ላብ፣ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው አለ። ሰውየው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ልቡ ይሮጣል።

በእኛ ዘንድ ይህ ብዙ ጊዜ በሌላ ይተረጎማል። ሰውየው ለመዳን ጸበል ይገባል፣ መጠጡን በዚያው ቀን ያቆማል፣ በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ አየሁ ብሎ ይጮኻል። ቤተሰብ «መንፈሱ ተቆጣ» ይላል። መጠጡ ሲቋረጥ አእምሮው እየተናወጠ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያለበት ሰው ነው። ጸበሉን ማንም አልከለከለም። ሐኪሙ ግን ይቅደም። እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶችና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አደገኛው ጊዜ ያልፋል። ስብሰባው ከዚያ በኋላ አይጠፋም።

ስብሰባ የት እንዳለ እንዴት ነው የማገኘው?

ስልካችሁ ላይ «ሚቲንግ ጋይድ» የሚል የኤኤ ነፃ መተግበሪያ አለ። ያላችሁበትን አካባቢ አይቶ የሚቀርባችሁን ስብሰባ፣ ሰዓቱንና አድራሻውን ያሳያል። ከዚህ ሌላ በየከተማው ኢንተርግሩፕ የሚባል ቢሮ አለ። ዲሲ የራሱ አለው፣ ሰሜን ቨርጂኒያም የራሱ አለው። ስትደውሉ ስልኩን የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መጠጥ ያቆመ በጎ ፈቃደኛ ነው። «አዲስ ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ማታ ከሥራ በኋላ ነው የሚመቸኝ» ብትሉት ይበቃል።

ከሕክምና ጋር የተያያዘ ምሪት ለሚፈልግ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ 1-800-662-4357 ሌት ተቀን የሚሠራ ነፃ የመንግሥት መስመር ነው።

ዝርዝሩ ላይ ኦፕን፣ ክሎዝድ፣ ስፒከር ምናምን ይላል። የትኛውን ልምረጥ?

ኦፕን ማለት ማንም ገብቶ ማዳመጥ ይችላል፤ ሚስት፣ ጓደኛ፣ ተማሪ። ክሎዝድ የመጠጥ ችግር ላለበት ወይም አለብኝ ብሎ ለሚጠረጥር ሰው ብቻ ነው። ለጥርጣሬ የሚሆን ማስረጃ ማንም አይጠይቅም።

ስፒከር በሚባለው አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ለዓይን አፋር ሰው ጥሩ መግቢያ ነው፤ ተናገር አይባልም። ዲስከሽን በሚባለው አንድ ርዕስ ይነሳና ዙሪያውን የፈለገ ይናገራል። ስቴፕና ቢግ ቡክ የሚባሉት የጥናት ናቸው። አባላት ከመጠጥ ለመላቀቅ ተራ በተራ የሚሠሯቸውን 12ቱን ደረጃዎች ወይም በ1939 የታተመውን ዋና መጽሐፋቸውን አንቀጽ በአንቀጽ ያነባሉ። እንግሊዝኛው የ1930ዎቹ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል። ቢጊነርስ የሚለውን ካገኛችሁ ግን አትለፉት። የሞኝ ጥያቄ የሚጠየቀው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው አንድ ቀን ይሄድና «አይመቸኝም» ብሎ ይቀራል። አንድ ምግብ ቤት ያልጣመን ሰው ምግብ አይተውም፤ ሌላ ቤት ይሄዳል። ኤኤ አንድ ቤት አይደለም። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ጠባይ አለው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ከሰዓት በኋላ የሚካሄድ ነበር። ተሰብሳቢዎቹ ጡረተኞች ናቸው፣ ከእኔ አባት የሚበልጡ። ስለ ጎልፍና ስለ ጉልበት ቀዶ ሕክምና ያወራሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን ከእኔ ሕይወት ጋር የሚገናኝ ነገር አጣሁ። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉም የሚተዋወቅበት፣ ጮክ ብሎ የሚሳቅበት ነበር። እንደ ሠርግ ቤት ባዳ ሆንኩ። ሦስተኛው ከጠዋቱ በፈረንጆች 6፡30 የሚጀመር ነው። የታክሲ ሾፌር፣ ነርስ፣ ግንበኛ። ሁሉም ወደ ሥራ የሚሮጥ። የአንዱ ሾፌር ወሬ የእኔ ወሬ ነበር፤ መኪናው ወንበር ሥር ጠርሙስ የሚደብቅበት ቦታ ሳይቀር። እዚያ ቀረሁ።

ስለዚህ ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያየ ስብሰባ ሞክሩ። በሰዓት ለውጡ፣ በሰፈር ለውጡ፣ በዓይነት ለውጡ። ከስብሰባው ስትወጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «እዚህ እውነቱን መናገር እችላለሁ?» ቡናው፣ አዳራሹ፣ የሰዎቹ ቀለም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ደግሞ ቅርብ ይሁን። አንድ ሰዓት የሚያስነዳ ግሩም ስብሰባ በረዶ የጣለ ቀን ይቀራል፤ አሥር ደቂቃ የሚርቀው መካከለኛ ግን አይቀርም።

መሸሽ ያለባችሁም አለ። «መድኃኒትህን ጣል፣ እሱም ሱስ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሰው ናልትሬክሶንም ሆነ የድብርት መድኃኒት ሐኪማችሁ ካዘዘ የሐኪማችሁ ጉዳይ ነው። ኤኤ ራሱ አባላት ሐኪም አይሁኑ ይላል። ገንዘብ አበድሩኝ የሚል፣ ሸቀጥ የሚሸጥ፣ እዚህ ካልመጣህ ትሞታለህ እያለ የሚያስጨንቅ ካለም ሌላ በር አለ።

ሀበሻ ቢያየኝስ?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል። ፈረንጁ «አኖኒመስ» ሲል የቤተሰብ ስሙን ይደብቃል፤ በቃ። የእኛ ሰው የሚፈራው ግን ወሬው ከዲሲ ተነስቶ በማግስቱ እናቱ ጆሮ አዲስ አበባ መድረሱን ነው። ደርሶም ያውቃል።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። በአማርኛ የሚሰበሰቡ ሰዎች ብታገኙ ነገራችሁን ሳትተረጉሙ ትናገራላችሁ። «ይሉኝታ» ምን እንደሆነ ለማንም አታስረዱም። «በሞቴ አንድ ብቻ» ሲባል እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁታል። በሌላ በኩል ክፍሉ ውስጥ የእድራችሁ ጸሐፊ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ስብሰባ ደግሞ ቋንቋው ያደክማል፣ ግን ማንም አያውቃችሁም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው በእንግሊዝኛው ሲጀምር አይቻለሁ። እኔም ከሰፈሬ 20 ደቂቃ ርቄ ነው የጀመርኩት። ጀርባው ትንሽ ሲጠነክር ሰው የራሱን ሰው ይፈልጋል።

ሀበሻ ብታገኙስ? አንድ ነገር አስቡ። እሱም እዚያ ነው ያለው። እኔ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የማውቀውን ሰው በር ላይ ገጠምኩት። ሁለታችንም ደርቀን ቆምን። ከዚያ «ቡናው በዚህ በኩል ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ ማንም ጋ አልደረሰም።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ምስጢር መጠበቁ የክብር ስምምነት ነው፤ እንደ ንስሐ አባት ወይም እንደ ጠበቃ ምስጢር አይደለም። ወንጀል ነክ ነገር ካለባችሁ ያንን ለጠበቃችሁ አቆዩት።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል?

አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። የሚታጠፍ ወንበር፣ በትልቅ ማፍያ የተፈላ ቀጭን ቡና። የእኛን ቡና የለመደ ሰው አይጠጣውም፣ ሁለተኛውን ሳምንት ግን ይጠጣዋል። አንድ ሰው ይከፍታል፣ አጭር ጽሑፍ ይነበባል። «ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አለ?» ይባላል። እጅ ማንሳት ግዴታ አይደለም። ብታነሱ ግን ከስብሰባው በኋላ ሰው መጥቶ ያናግራችኋል፤ የስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት ይሰጣችኋል።

ተናጋሪው ስሙን ብቻ ይላል፣ «አልኮሆሊክ ነኝ» ይላል፣ ሌላው በአንድ ድምፅ ሰላም ይለዋል። ተራ ቢደርሳችሁና መናገር ባትፈልጉ «ፓስ» ማለት ይበቃል። ማንም ሰው ሲናገር አያቋርጡትም፣ አይመክሩትም። ለእኛ ይሄ ይገርማል። ሽማግሌ ጣልቃ የማይገባበት ወሬ የት አለን? ግን ሳይቋረጡ ሦስት ደቂቃ መናገር ምን እንደሚያደርግ ቀምሳችሁ እዩት።

ቅርጫት ይዞራል። ሰው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል፤ አዲስ ሰው አይጠበቅበትም። መጨረሻ ላይ ቆመው እጅ ተያይዘው ይጸልያሉ። ሳይጠጡ ለቆዩበት ጊዜ ሳንቲም የመሰለ ነገርም ይሰጣል፤ ለ24 ሰዓት፣ ለ30 ቀን፣ እያለ ይሄዳል። ጠቅላላው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ነው፤ በሰዓቱ ይጀመራል፣ በሰዓቱ ያልቃል። የሀበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

ሂዱ። ማዳመጥ ከመናገር ይቀላል፣ ታሪኮቹም ይደጋገማሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቃላቱን ትለምዷቸዋላችሁ። ስትናገሩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በኢንተርኔት የሚካሄዱትን የሚያሰባስበው የኤኤ ኦንላይን ኢንተርግሩፕ ደግሞ ዝርዝሩን በቋንቋ ለይቶ መፈለግ ያስችላል።

ይሄ ነገር ሃይማኖት አይደለም እንዴ? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ። እኔ አላምንም።

በ12ቱ ደረጃዎች ውስጥ እግዚአብሔር በተደጋጋሚ ይጠራል፤ «እኛ እንደምንረዳው» ከሚል ማስፋፊያ ጋር። ሃይማኖት ቀይሩ የሚል የለም። አምስተኛው ደረጃ፣ በደልን ለእግዚአብሔር፣ ለራስና ለሌላ ሰው መናዘዝ የሚለው፣ ንስሐ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ሁለቱን አብረው የሚያስኬዱ ኦርቶዶክሶች አሉ። ንስሐ አባታችሁን ማማከር አይጎዳም።

አንዳንድ የአሜሪካ ቡድኖች ሲዘጉ «አባታችን ሆይ» ይላሉ። ለሙስሊም ይህ ሊከብድ ይችላል፤ ዝም ብሎ መቆም ይቻላል። ከዚህ የተሻለም አለ። ሚላቲ ኢስላሚ የሚባለው በ1989 ባልቲሞር የተጀመረ፣ 12ቱን ደረጃዎች ከእስልምና ጋር ያስማማ ቡድን ነው። ለጴንጤዎች ከ1991 ጀምሮ ከካሊፎርኒያ የተስፋፋው ሴሌብሬት ሪከቨሪ አለ፤ ያ በግልጽ ክርስቲያናዊ ነው።

እምነት የሚባል ነገር አልፈልግም ለሚል ስማርት ሪከቨሪ አለለት። በ1994 የተመሠረተ ነው። በሥነ ልቦና ዘዴዎች ላይ የቆመ ነው፤ አምሮት ሲመጣ ሐሳብን እንዴት መያዝ እንደሚቻል ልምምድ ያሠራሉ። የሠለጠነ አወያይ አለው፣ ሰዎች እርስ በርስ ይወያያሉ፣ «አልኮሆሊክ ነኝ» ማለት የለም። የተማረ ሰው ብቻ የሚሄድበት ነው የሚባለውን አትመኑ።

ሴት ነኝ። ወንዶች የበዙበት ክፍል መግባት እፈራለሁ።

ፍርሃትሽ መሠረት አለው። እህቶች፣ መጀመሪያ የሴቶች ስብሰባ ፈልጉ፤ ዝርዝሩ ላይ «ዊመን» ይላል። እኛ ዘንድ ወንድ ሲጠጣ «ተጫዋች ነው» ይባላል፣ ሴት ስትጠጣ ስሟ ይጠፋል። ስለዚህ ሴቷ ቤቷ ዘግታ ነው የምትጠጣው፤ እርዳታ የምትፈልገውም ዘግይታ ነው። ይህን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው።

ሌላም አለ። አዲስ የመጣችን፣ ልቧ የተሰበረችን ሴት የሚያሳድዱ ወንዶች በየስብሰባው ይገኛሉ። አሜሪካኖቹ በሹፈት «13ኛው ደረጃ» ይሉታል። «ልሸኝሽ፣ ቡና ልጋብዝሽ» ሲበዛ ንቁ። ስልክ ቁጥር ከሴት ተቀበሉ።

ስፖንሰር ያዝ ይሉኛል። ምንድን ነው?

አፊዳቪት የሚሞላ ዘመድ ትዝ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ዓረብ አገር የኖረ ደግሞ «ከፊል» የሚባለውን አሠሪውን አስቦ ይደነግጣል። እዚህ ስፖንሰር ማለት ከእናንተ በፊት መጠጥ ያቆመ፣ በደረጃዎቹ ውስጥ የሚመራችሁና ሲያምራችሁ የምትደውሉለት ሰው ነው። ገንዘብ አይከፈለውም። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት መሆኑ የተለመደ ነው። የተወሰኑ ሳምንታት አዳምጡ፣ ንግግሩ የገባችሁን ሰው «ስፖንሰር ትሆነኛለህ?» በሉት። ካልተስማማችሁ መቀየር ነውር አይደለም። የማይደወልለት ስፖንሰር ግን ምንም አይጠቅምም። የእኛ ሰው «ላስቸግር አልፈልግም» ብሎ ስልኩን እንደያዘ ይጠጣል። አስቸግሩ።

ጠጥቼ ስነዳ ተያዝኩ። ዳኛው ስብሰባ ሂድ አለኝ። የኢሚግሬሽን ወረቀቴስ?

ፍርድ ቤት የሰጣችሁን ወረቀት ስብሰባው ሲያልቅ ለጸሐፊው ስጡት፣ አብዛኞቹ ቡድኖች ይፈርማሉ። ሁሉም አይደሉም፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ። በኢንተርኔት መካፈል ይቆጠር እንደሆነም አስቀድማችሁ ከፍርድ ቤቱ አረጋግጡ።

ኢሚግሬሽንን በተመለከተ፣ ኤኤ የአባላት ዝርዝር የለውም፣ መታወቂያም አይጠይቅም። ስብሰባ መሄዳችሁን ለማንም ቢሮ አያሳውቅም። ጠጥቶ በመንዳት መከሰሱ ግን ለዜግነት ማመልከቻ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ እሱን ለኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳዩ። በነገራችን ላይ በግዳጅ መጥተው የቀሩ ብዙ ናቸው።

የሚጠጣው ባሌ ነው። እኔስ የት ልሂድ?

አል-አኖን። በ1951 የተመሠረተው በቢል ዊልሰን ሚስት በሎይስና አን በምትባል ሌላ የጠጪ ሚስት ነው። ለሚስት፣ ለባል፣ ለወላጅ ነው፤ ለታዳጊ ልጆች አላቲን የሚባል አለ። እዚያ ባልን የማስቆሚያ ዘዴ አይሰጥም፤ ይህን ጠብቃችሁ ብትሄዱ ትበሳጫላችሁ። የምትማሩት ለአለቃው እየደወላችሁ «አሞታል» ማለትን መተው፣ ዕዳውን አለመክፈል፣ የራሳችሁን እንቅልፍ መተኛት ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ስድስት ስብሰባ ሞክሩ ይላሉ። በቤት ውስጥ ዱላ ካለ ግን መጀመሪያ ደኅንነታችሁ።

እውነት ይሠራል?

በ2020 ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች መረብ 27 ጥናቶችንና 10,565 ሰዎችን ያካተተ ግምገማ አውጥቷል። ሰውን በተደራጀ መንገድ ወደ ኤኤ የሚያስገቡ ሕክምናዎች ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት ግን አይደለም። በመድኃኒት የተሳካለት አለ፣ በስማርት የተሳካለት አለ፣ ሁለቱን አጣምሮ የቆመም አለ።

አዲስ አበባ ነኝ። ዓረብ አገር ነኝ። እዚህ ይሄ ሁሉ የለም።

አገር ቤት ያላችሁ በሐኪም ጀምሩ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስሙ የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው፤ «አማኑኤል ገባ» ማለት እንደ ስድብ ሆኖብናል። ግን የሱስ ሕክምና የሚያውቁ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሚገኙት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ስትሄዱ «የቡድን ምክክር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጠጥ ማስታወቂያ በአዋጅ 1112/2011 ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጣ። ጠላ ቤቱ፣ አረቄ ቤቱና ድራፍት ቤቱ ግን እዚያው ናቸው። ስለዚህ ከሥራ ወደ ቤት የምትሄዱበትን መንገድ መቀየር ራሱ አንድ እርምጃ ነው።

ሳዑዲ ወይም ኩዌት ያላችሁ፣ መጠጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ችግሩን መናገር ራሱ ያስፈራል። የኢንተርኔት ስብሰባ ካሜራ ዘግቶ፣ ስም ቀይሮ መግባት ይቻላል። ጆሮ ማዳመጫ ያዙ፤ የምትኖሩበትን ከተማና የአሠሪ ስም አትጥቀሱ።

ምንም ቡድን ከሌለስ? የኤኤ ልማድ ሁለት ወይም ሦስት ጠጪዎች ላለመጠጣት ብለው ከተሰበሰቡ፣ ከሌላ ድርጅትም ካልተጣበቁ፣ ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ ይላል። አክረን ላይ የተጀመረውም በሁለት ሰው ነው። አንድ ጓደኛችሁ እንደ እናንተ ማቆም ከፈለገ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቤት ጥግ ላይ ቁጭ በሉ።

በዓል ሲመጣስ?

አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ አትወስኑ። «በሞቴ» ለሚል ሰው «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ይበቃል፣ ብዙ አይከራከራችሁም። ብርጭቋችሁን በአምቦ ውኃ ሙሉት፤ ባዶ ብርጭቆ ነው ሰው የሚቀዳበት። መኪናችሁን ሌላ ሰው እንዳይዘጋባችሁ አድርጋችሁ አቁሙ። ከሄዳችሁም በማግስቱ ስብሰባ ይኑራችሁ።

ሦስት ወር ቆይቼ እንደገና ጠጣሁ። በምን ዓይኔ ልመለስ?

በዚያው ዓይናችሁ። እንደገና የጠጣ ሰው ሲመለስ የሚጨበጨብለት ብቸኛ ቦታ ያ ነው። እኔም ከአራት ወር በኋላ፣ ከአንድ ክርስትና ቤት የተመለስኩ ማግስት፣ የ24 ሰዓቷን ሳንቲም ለሁለተኛ ጊዜ ወስጃለሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለኝ። ለሳምንታት በየቀኑ ስትጠጡ ከቆያችሁ ከላይ ስለ ሐኪም ያልኩት እንደገና ይሠራል።

መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

እኔ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። አንዱን ቀን ሞተሩን ሳላጠፋ 40 ደቂቃ ተቀምጬ፣ ሰዎቹ ሲገቡም ሲወጡም አይቻለሁ። በአራተኛው ቀን ዘግይቼ ገባሁ። በሩ ሲያንቋርር ሁሉም የሚዞር መስሎኝ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ቀና አለና እግሩን ሰብስቦ አሳለፈኝ። ዘግይቶ ለሚመጣ ብለው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ባዶ ይተዉታል።